ጋቢው ለልጁ፣ መስኮቱ ለአየሩ

የኅዳር ጠዋት ነው፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቷል። የአምስት ዓመት ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የመስኮቱን ጥግ ይዣለሁ። መስታወቱ ሁሉ በትንፋሽ ጉም ለብሷል፤ ልጄ በጣቱ ዓሣ እየሣለበት ነው። ከኋላችን አንድ ሰው ያስላል፤ እርጥብ፣ ረጅም፣ አልቆም ያለ ሳል። ሁለቴ በትዕግሥት አለፍኩት። በሦስተኛው እጄን ሰድጄ መስኮቱን አራት ጣት ያህል ገፋ አደረግሁት።

«ኧረ ዝጊው ልጄ!» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ እናት። «እኔስ ግዴለም፤ ሕፃኑን ነፋስ ይመታብሻል።»

ከኋላም «እባክሽ እህቴ፣ ብርድ ነው!» የሚል ድምፅ ተከተለ። ረዳቱ ሳይቀር «መስኮት!» ብሎ ጮኸ። ዘጋሁት። ማንም በክፋት አልተናገረኝም። እንዲያውም ሁሉም ለልጄ አስበው ነበር፤ የከበደኝም ይኸው ነው። ሰው በደግነት የሚያደርገውን ነገር ተከራክሮ ማስጣል እንዴት ይቻላል? አራት ኪሎ እስክንደርስ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ሰውዬው ማሳሉን አላቆመም። እኔ ደግሞ መስታወቱ ላይ ያለውን ዓሣ እያየሁ ቆየሁ። ያ ጉም የማን ነበር? የእኔ፣ የልጄ፣ የእኒያ እናት፣ የሹፌሩ፣ የዚያ የሚያስለው ሰው። አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ መልሰን መላልሰን እየሳብን ነበር የመጣነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ስለ ትንፋሽ ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት።

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ፣ ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ የሳንባ ነቀርሳ፤ ተህዋሲያኑ ይለያያሉ፣ መንገዳቸው ግን ይመሳሰላል። ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘምር፣ ሲጮህ፣ ዝም ብሎ ሲያወራ እንኳ ከአፉና ከአፍንጫው እርጥብ ፍንጣቂ ይወጣል። ፍንጣቂው አንድ ዓይነት አይደለም። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚያክለው ትልቁ ጠብታ ከቆመ ሰው አፍ ወጥቶ በአምስት ሰከንድ ገደማ መሬት ይወድቃል። ከዚያ ሃያ ጊዜ የሚያንሰው ግማሽ ሰዓት ያህል አየር ላይ ይቆያል። የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ብቻ የሆነው ብናኝ ደግሞ፣ አየሩ ጸጥ ባለበት ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ሊንሳፈፍ ይችላል። ይህኛው በዓይን አይታይም፤ ሲገባብንም አይሰማንም።

ላልታየ ነገር ምሳሌ ካስፈለገ ከቤታችን መራቅ አይኖርብንም። ቡና ሲፈላ እጣን ይጨሳል። ማጨሻው ረከቦቱ አጠገብ ነው፤ ጭሱ ግን እዚያ አይቀርም። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ጣሪያው ሥር ይዘረጋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና ቤቱን ይሞላል። መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይቀር ይሸተዋል። ሁለት ሜትር ርቄ ስለተቀመጥኩ እጣኑ አይደርሰኝም የሚል ሰው የለም። በሩንና ከፊት ለፊቱ ያለውን መስኮት ስንከፍት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠራል። የታመመ ሰው ትንፋሽም የሚሄደው እንዲሁ ነው፤ የሚለየው አለመታየቱ ነው።

ሳይንሱ ራሱ ይህን በግልጽ እስኪናገር ጊዜ ወስዶበታል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሕክምና መጻሕፍት ትልቁን ጠብታና ትንሹን ብናኝ ለይተው አስቀመጡ፤ አብዛኞቹ የመተንፈሻ አካል በሽታዎችም የሚጋቡት በቅርብ በሚወድቀው ጠብታ ነው ይሉ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ሲነገር፣ ከሦስት ቀን በኋላም ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ሁላችንም የያዝነው ትምህርት «እጅህን ታጠብ፣ ራቅ በል» የሚል ነበር። «መስኮት ክፈት» የሚለው ዘግይቶ ደረሰን፤ ሲደርስም ድምፁ አልጎላም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የድሮውን ክፍፍል ትቶ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ ሁሉም ተላላፊ ፍንጣቂ በአየር እንደሚጓዝ የሚገልጽ አዲስ አጠራር አወጣ።

የሚኒባሱን ነገር ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ አንድ አውሮፕላን አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1977 አላስካ ውስጥ፣ ሆመር በምትባል ከተማ፣ 54 ሰው የያዘ አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ ለሰዓታት መሬት ላይ ቆመ። አየር ማናፈሻው አይሠራም ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ኢንፍሉዌንዛ ጀምሯት ታስላለች። በሦስት ቀን ውስጥ ከተሳፋሪዎቹ 72 በመቶው ታመሙ። ብዙዎቹ ከእሷ ርቀው የተቀመጡ ነበሩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩት ደግሞ የመታመም ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ሴት፣ የተዘጋ በር፣ የቆመ አየር፤ ሌላ ምንም አልተጨመረበትም።

ልጆች በዚህ ውስጥ ከአዋቂ የባሰ ይጎዳሉ። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው፤ ለክብደቱ ሲታይ የሚስበው አየርም ይበዛል። የአየር ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠትና ትንሽ አክታ ይዘጋዋል። ተህዋሲያኑን ከዚህ በፊት አግኝቷቸው ስለማያውቅ ሰውነቱ ሁሉንም እንደ አዲስ ነው የሚዋጋው። ደህና የሆነ ልጅ እንኳ በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው። እናቶች «ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው የማይድነው?» ብለን ስንጨነቅ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ሄዶ ሌላው መምጣቱ ነው። የምንፈራው ወደ ሳንባ የሚወርደውን ነው። የሳንባ ምች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ700,000 በላይ ሕፃናትን ገድሏል።

የሳንባ ምች! ስሙን ስጽፈው ቋንቋችን ራሱ ወደ ነፋስ እንደሚመራን ይሰማኛል። ምች ይመታል። ብርድ ይመታል። ነፋስ ይመታል። በእኛ አነጋገር በሽታ ከውጭ መጥቶ የሚመታ ነገር ነው፤ ስለዚህ መከላከያው በርና መስኮት መዝጋት ይሆናል። ሌላ ቃልም ግን አለን፦ ይጋባል። «ጉንፋኑ ተጋባብኝ» እንላለን። ይህ ቃል ከሰው ወደ ሰው የሚሄደውን ያሳያል፤ እውነቱም ወደዚህኛው ያደላል። ለልጆቻችን ስንናገር ከ«ይመታሃል» ይልቅ «ይጋባብሃል» ማለትን ብንለምድ ደስ ይለኛል።

እናቴ ግን በዚህ አትስማማም። አንድ እሑድ ልጄ አፍንጫው ተደፍኖ ሲነጫነጭ መስኮት ስከፍት አይታኝ ተቆጣች። «አንቺን ያሳደግሁት መስኮት ከፍቼ ነው?» አለችኝ። አልሳቅኩባትም፤ መሳቅም አይገባኝም። የእናቴ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ገና የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፤ ብርድ ሕፃን ይገድላል። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛም በብርድ ወቅት ይበረታሉ። ቅዝቃዜ ለአንዳንድ ቫይረሶች ይመቻል፤ እኛም በብርድ ጊዜ በር ዘግተን፣ ተጠጋግተን፣ አንድ አየር ተካፍለን እንቀመጣለን። እናቴ ብርድና ሳል አብረው ሲመጡ ማየቷ ትክክል ነው። በመካከላቸው የተዘጋ ክፍል እንዳለ ነው ያላየችው።

እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ አስታማሚነት ባሳተመችው መጽሐፍ የሁሉ መጀመሪያ አድርጋ ያስቀመጠችው ሕግ፣ በሽተኛው የሚተነፍሰው አየር እንደ ውጭው አየር ንጹሕ እንዲሆን፣ በሽተኛው ግን እንዳይበርደው ማድረግ ነው። ሁለቱ ነገሮች አብረው መሆናቸው ነው የገረመኝ። እሷ ብርዱን አልናቀችም። አየሩንም አልተወችም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲያው ልጁን ጠቅልይዋ» አለችና የራሷን ጋቢ አንስታ ሸፈነችው። መስኮቱ በዚያ ቀን ተከፍቶ ዋለ።

የቀድሞ ሰዎች ስለ አየር ምንም አያውቁም ነበር ማለትም ስህተት ነው። አራስ ቤት ምንድን ነው? ወንዱ እስከ 40፣ ሴቷ እስከ 80 ቀን፣ እስኪጠመቁ ድረስ ከቤት አለመውጣታቸው፣ አንድ ጨቅላ ከገበያና ከጉባኤ ሰው ትንፋሽ የሚርቅበት ጊዜ ነው። ችግሩ እኛው ወደ አራሷ መሄዳችን፣ ጉንፋን ይዞንም «ልጠይቃት» ማለታችን፣ ጨቅላውን አንስተን መሳማችን ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ገንፎውን ከደጅ ሰጥቶ ቢመለስ ፍቅሩ አይቀንስም።

ኅዳር 12 ቀን ደግሞ አለ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ልጄ እሳቱን እየዞረ ሲጫወት ለምን እንደሚደረግ ጠየቀኝ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነው የዳኑት። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር ይባላል። ሰው በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ የተረዳው ነገር አለ፦ በሽታው አየሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ አየሩን በጭስ ሊያጠራው ሞከረ። ግማሹን ትክክል ነበር፤ አየሩ ውስጥ ነበርና። ጭሱ ግን መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ ፕላስቲክና ጎማ የሚነድበት የኅዳር ጭስ ለአስም ሕመምተኛ ልጅ ስቃይ ነው። ትዝታው ይቆይ፣ ጽዳቱም ይቆይ፤ እሳቱን ግን ብንተወው።

የጭስን ነገር ካነሣሁ ማድ ቤት ሳልገባ አላልፍም። እናት ሕፃኗን አዝላ እንጀራ ስትጋግር አስቡት። ሦስት ጉልቻ፣ እርጥብ እንጨት፣ አንዲት ትንሽ በር። ከጀርባዋ ያለው ሕፃን እሷ የምትስበውን ጭስ ሁሉ ይስባል፤ እሷ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ እሱ ምንም ማድረግ አይችልም። በአየር ቧንቧችን ውስጥ ሳያቋርጡ የሚወዛወዙ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ አቧራና ተህዋስ የያዘውን አክታ ወደ ላይ ጠርገው የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ጭስ ያደክማቸዋል። ጠራጊ ያጣው ሳንባ ደግሞ ለተህዋሲያን ክፍት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ የሚያድግ ሕፃን ለሳንባ ምች የመጋለጥ ዕድሉ እጥፍ ወደመሆን እንደሚጠጋ ይናገራል። ሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ የለውም፤ መብራቱም እንደልብ አይደለም። ሕፃኑን ለአያቱ ወይም ለእህቱ ሰጥቶ ከማድ ቤት ማውጣት ግን ብዙ ቤት ይቻላል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃና ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ማገዶ ይቆጥባሉ፤ በሩ ካልተከፈተ ግን ብቻቸውን አየሩን አያድኑትም። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ዘግቶ መተኛትማ ከጉንፋን አልፎ በአንድ ሌሊት ቤተሰብ የሚጨርስ ነው።

ባለፈው ወር ልጄ የሚማርበት ክፍል ገብቼ ነበር። ስልሳ ሁለት ልጆች ቆጠርኩ። በአንድ ዴስክ አራት፣ አንዳንዱ ላይ አምስት ተቀምጠዋል። ሦስት መስኮቶች አሉ፤ አንዱ በካርቶን ተደፍኗል፣ አንዱ አምፖል በመሰረቁ ምክንያት በሚስማር ተመትቷል፣ አንዱ ብቻ ይከፈታል፤ እሱም ዝግ ነበር። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አየሩ ከብዶ ነበር። ቢያንስ ሰባት ልጆች ያስላሉ።

መምህርቷን ስለ አየር ለልጆቹ እንድትነግራቸው ስጠይቃት፣ ንግግር አላደረገችም። ከቦርሳዋ ብርቱካን አወጣች። «አሁን ማንም እንዳያወራ፤ የሸተተው ልጅ እጁን ያውጣ» ብላ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ መላጥ ጀመረች። የፊተኛው ረድፍ ወዲያው እጁን አወጣ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ሄደ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መጨረሻ ዴስክ ላይ ያለ ልጅ «ቲቸር፣ እኔም ሸተተኝ!» ብሎ ተነሣ። «እኔ ብርቱካኑን ወረወርኩልህ?» አለችው። «አልወረወርሽም።» «ታዲያ እንዴት መጣ?» ክፍሉ ዝም አለ። አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «በአየር» አለች። የብርቱካን ሽታ ከሳል ብናኝ እጅግ ይረቃል፤ መምህርቷም ይህን አልደበቀችም። መንገዱ ግን ገብቷቸዋል። ከዚያ የሚከፈተውን መስኮትና በሩን ከፍታ፣ ጥቂት ጠብቃ፣ ሌላ ብርቱካን ላጠች። በዚህኛው ጊዜ ከመስኮቱ ዳር ልጆች ብርቱካኑ የሸተታቸው ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ።

ለእነዚህ ልጆች ልነግራቸው ፈልጌ ጊዜ ያጠረኝ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ኩፍኝ ያዛት። ከእሷ የተጋባባቸው ልጆች 28 ነበሩ፤ የሚማሩት ደግሞ በ14 የተለያዩ ክፍሎች። አብዛኞቹ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው አያውቁም። የሕንፃው የአየር ማሽን የአንዱን ክፍል አየር ስቦ ለሌላው ያከፋፍል ነበር። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ መከላከያ ከሌላቸው አሥር ልጆች ዘጠኙን ሊይዝ ይችላል።

ከሩቅ አገር የመጣ ጥሩ ዜናም አለ፤ ለእኛ የሚጠቅም ነው። በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ ተመራማሪዎች ስምንት ሆስፒታሎችን ዞረው የክፍሎቹን አየር ለኩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየራል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች የተሠሩት ባለማሽን ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ነበር። ከሁሉ የበለጡት ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፋፊ የሆኑ አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አሮጌ ትምህርት ቤቶች አሉ። አዳዲሶቹን ስንሠራ ከእነሱ ብንማር ማሽን መግዛት አያስፈልገንም።

መስኮት ብቻውን ይበቃል እያልኩ ግን አይደለም። የሚያስል ልጅ ፊትህ ላይ ቢያስልብህ መስኮቱ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አውስትራሊያዊው የቫይረስ ተመራማሪ ኢያን ማካይ መከላከያዎችን በተቀዳደደ የስዊዘርላንድ አይብ ቁራጮች መስሏቸው ነበር፤ የአንዱን ቀዳዳ የሌላው ደንዳና ቦታ ይሸፍናል በማለት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኛ ግን ይህን የምንረዳው በጋቢ ነው። ሸማኔ የሠራውን ስስ ሸማ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ በድሩና በማጉ መካከል ብርሃኑ ያልፋል። ጋቢ ግን አራት ድርብ ነው። እያንዳንዱ ድርብ ስስና ቀዳዳ ያለው ሸማ ነው፤ አራቱ ሲደራረቡ ግን የኅዳርን ሌሊት ይመክታሉ። አንዱን ድርብ ለይቶ «ይኼ ምን ያደርጋል? ብርድ ያስገባል» ብሎ የሚቀድ ሰው የለም። በመከላከያዎች ላይ ግን ይህንኑ ስናደርግ እንገኛለን። ማስክ አንዳንዴ ያሳልፋል ተብሎ ይጣላል፤ የተከተበ ልጅ ታመመ ተብሎ ክትባት ይናቃል።

የመጀመሪያው ድርብ ክትባት ነው፤ እዚህ ላይ ማባበል አልፈልግም። አምስት በአንድ የሚባለው ክትባት ትክትክንና ዘጊ አነዳን ይከላከላል፤ የሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱም በውስጡ አለ። የሌላው ዋና አምጪ ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ይሰጣሉ። የኩፍኙ በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው ደግሞ በአሥራ አምስት ወር። ይህ የመጨረሻው ነው የሚረሳው። ልጁ ሄዷል፣ አፉን ፈቷል፣ ጤነኛ ነው፤ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ካርዱን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። ያልተከተበ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አደጋው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ያለችው፣ ለኩፍኝ ክትባት ያልደረሰች የሦስት ወር እህቱም አለች። እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ መጥባትም ሌላ ድርብ ነው።

እጅ መታጠብ የእኛ ባህል ነው፤ ማስታጠቢያና ጆግ ይዞ እንግዳን ማስታጠብ ማን ያስተምረናል? የሚጎድለው ሳሙናው ነው፤ ከምግብ በፊት ውኃ ብቻ እናፈሳለን። ካራቺ ውስጥ ሳሙናና ትምህርት የተሰጣቸው ቤተሰቦች ልጆች በሳንባ ምች የመያዛቸው ነገር በግማሽ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ሕፃን በእጁ አፍንጫውን ነክቶ ዓይኑን ያሻል፤ ከዚያ የጓደኛውን እጅ ይይዛል። ጉርሻም በእጅ ነው። ሳልን በክንድ እጥፋት መሸፈን ልጆች በአንድ ቀን ይለምዱታል፤ ከእኛ ከትልልቆቹ ቶሎ።

የታመመን ልጅ ቤት ማስቀረት ግን እንደ ሌሎቹ ቀላል አይደለም። ልጇን ቤት ካስቀረች የቀን ደመወዟ የሚቀር እናት አለች፤ ፈተና የሚያመልጠው ልጅ አለ። እሷን መውቀስ አልችልም። ትኩሳት ያለው ልጅ ያመለጠውን ፈተና እንደገና እንዲፈተን መፍቀድ ግን ለትምህርት ቤት ገንዘብ አያስወጣም። የግድ መውጣት ካለበት ማስክ ለታመመው ነው የበለጠ የሚጠቅመው፤ ፍንጣቂውን ከምንጩ ይይዘዋልና። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን አይደረግም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ሊታመም ይችላል፤ ያን ጊዜ መቁጠር ማወቅ ያስፈልጋል። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች ያሳየችኝ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ በስልክ ሰዓት እየያዙ መቁጠር ነው። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ለመንቃት ካስቸገረ እስኪነጋም አይጠበቅም። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመጣል፣ ሳንባ አያድንም። ማርና ዝንጅብሉ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው አይሰጥም።

አሁን ታክሲ ስገባ አንድ ዘዴ አለኝ። መጀመሪያ ልጄን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፤ ከዚያ መስኮቱን እከፍታለሁ። የተጠቀለለ ልጅ ሲያዩ እናቶች አይቆጡኝም። አንዷ እንዲያውም ጫፉን አስተካክላ እግሩን ሸፈነችልኝ።

ትናንት ወደ ልጄ ትምህርት ቤት ተመልሼ ነበር። ከእረፍት ሰዓት በፊት የግቢው ጥበቃ አባባ ፒንሳ ይዘው መጡ። መስኮቱ የተመታባቸው ሚስማሮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ዝጎ ስለነበር ቶሎ ወጣ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው አላቧቸው። አራተኛው ራሱ ተቆርጦ እንጨቱ ውስጥ ቀረ። «ነገ መጋዝ ይዤ እመጣለሁ» አሉ ግንባራቸውን እየጠረጉ። በከንቱ አልደከሙም ግን፤ ክንፉ ከታች በኩል ተላቆ አንድ ክንድ ያህል ይገፋል። ብርዱ ገባ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ የሹራቧን ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ወደ ክፍተቱ ጠጋ አለች።